ስምንተኛው መስመር

ሦስት ነበርን። ሄዘር ብላንቻርድ ትዘፍናለች፣ ጊታርም ትጫወታለች፤ ትሬቨር ከበሮ፣ እኔ ቤዝ ጊታር። የቡድናችን ስም ላምፐርስ ነበር። ላምፐርስ በእንግሊዟ የወደብ ከተማችን በግሪምስቢ ከመርከብ ላይ ዓሣ የሚያራግፉ ሰዎች መጠሪያ ነው፤ የሄዘር አባትም እስኪሞት ድረስ ከእነሱ አንዱ ነበር። ስሙን ያወጣችው እሷ ናት። ትሬቨር ዓሣ ዓሣ የሚሸት ስም ይዘን ለንደን ማን ያስገባናል እያለ አጉረመረመ፤ በኋላ ግን ከበሮው ላይ በነጭ ቀለም የጻፈው እሱ ራሱ ነው።

የጀመርነው የእንግሊዝ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ረጅሙ አድማ ባበቃበት ዓመት፣ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ሸክላ አወጣን። ሬዲዮ ሁለት ጊዜ አጫወተን። በትሬቨር አጎት የዳቦ መኪና ከሊድስ እስከ ብሪስቶል ዞርን፤ አንዳንዱ ቦታ መቶ ሰው ይመጣል፣ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ የቤቱ ባለቤትና ውሻው ብቻ።

እኔ አልዘፍንም ነበር። ሰው ፊት አፌን ስከፍት ጆሮዬ ይግላል። ሄዘር ከሥሯ ሁለተኛ ድምፅ እንዳስገባላት ዓመታት ለመነችኝ። ትሬቨር ደግሞ፣ «ተይው ባክሽ፣ ከግሌን ግድግዳው ይሻልሻል። ግድግዳ ቢያንስ የገደል ማሚቶ ይመልሳል» ይላት ነበር።

ሁለተኛውን ትልቅ ሸክላ መቅረጽ የጀመርነው ላውዝ በምትባል ጎረቤት ከተማ ውስጥ፣ ከምንጣፍ ሱቅ በላይ ባለችው የሬይ ስቱዲዮ ነው። የሬይ ማሽን እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው የሚቀረጽበት ስምንት መስመር ብቻ ነው የሚይዘው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ከበሮውና ቤዙ ሲቀረጹ ዘፋኟ አብራ ትዘፍናለች፤ ዘፈኑ የት እንደደረሰ እንድናውቅ ያህል። ይህን መሪ ድምፅ እንለዋለን። ዋናውን በሌላ ቀን ተረጋግታ ትዘፍነዋለች። መሪው በነበረበት መስመር ላይ ሌላ ነገር ይቀረጽበታል፤ አዲሱ አሮጌውን ያጠፋዋል። መሪ ድምፅ የሚያስቀምጥ ሰው የለም።

ሄዘር ደግሞ ቀረጻው እስኪደርስ ድረስ ዜማውን በማይገባ ጉርምርምታ ነው የምትለማመደው። ቃላቱ የሚመጡላት በዕለቱ ነው። በእስክሪብቶ እጇ ጀርባ ላይ ትጽፋቸዋለች፤ ማታ ስትታጠብ ይለቃሉ።

የመጨረሻውን ዘፈን ዓርብ ቀረጽን። ስድስቱ መስመር ሞላ፤ ሰባተኛው ለዋናው ድምፅ ተጠብቆ ባዶ ቀረ፤ ስምንተኛው ላይ መሪ ድምፁ ነበር። በማግስቱ የአክስቷ ልጅ ሠርግ ስለነበረ ሄዘር ጊታሯን ትታ ተነሣች። «ሰኞ መጥቼ በደንብ እዘፍነዋለሁ። ይሄን አጥፉት፤ ጅራቷን የተረገጠች ድመት ነው የምመስለው» ብላ እየሳቀች ወረደች።

ቅዳሜ ከሰዓት ትሬቨር ኳስ ሊያይ ሄደ። ቤዝ የምለማመድ መስሎት ሬይ የስቱዲዮውን ቁልፍ ሰጠኝ። ስትለምነኝ የኖረችውን ሁለተኛ ድምፅ ማንም በሌለበት ልሞክር፣ ሰኞ ስትመጣ ላስደንቃት ብዬ ነው። መሪ ድምፁን ደጋግሜ ሰማሁት፤ የየስንኙን መጨረሻ፣ እኔ የምገባበትን ብቻ አጠናሁ። ከዚያ ስምንተኛው መስመር ላይ የመቅረጫውን ቁልፍ ተጭኜ ዘፈንኩ።

እሑድ ጠዋት ትሬቨር ደወለ። ሄዘር ከሠርጉ ተመልሳ አስሟ ተነሥቶባት፣ ሐኪም ሳይደርስላት ሞታ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ እናቷ ሚስስ ብላንቻርድ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው። ሄዘር ዓርብ ዕለት በስልክ፣ «ስለ ቤታችን የሆነ ዘፈን ቀረጽኩ» ብላቸው ነበር። እሱን መስማት ይፈልጋሉ። ትሬቨር፣ «መሪ ድምፁ አለ፣ ግሌን ያመጣልዎታል» አላቸው። በሦስተኛው ቀን ባዶ እጄን ሄጄ፣ «ጠፍቷል» አልኩ። ማን እንዳጠፋው አልተናገርኩም።

ትሬቨር ለሬይ ደውሎ ያልሰደበው ስድብ አልቀረም። ሬይም እርግጠኛ አልነበረም፤ መሪ ድምፅ ማጥፋት የየቀን ሥራው ነው፣ እጁ ሳያስበው ያደርገዋል። «እኔ ሳልሆን አልቀርም» ብሎ አለቀሰ። እኔ ትሬቨር አጠገብ ሆኜ እሰማ ነበር። ቴፑን ከዚያ ወዲህ ያጫወተው ሰው አልነበረም። አራት ወር ሙሉ ዝም አልኩ።

መጋቢት ላይ ፍሪማን መንገድ ገበያ ውስጥ ሬይን አየሁት። ሚስስ ብላንቻርድን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ተጠጋቸው። ትሬቨር ያጠፋው ሬይ ነው ብሏቸው ስለነበር፣ እሳቸው ዘንቢላቸውን አንሥተው ጀርባቸውን ሰጡት። ሬይ ኮፍያውን እንደያዘ ድንች ተራው መካከል ቆሞ ቀረ።

በዚያው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ሻይ ቀዱልኝ፤ አልነካሁትም።

«ሚስስ ብላንቻርድ፣ ሬይ አይደለም ያጠፋው። እኔ ነኝ።»

ለምን እንዳደረግኩት ነገርኳቸው። ሄዘር ራሷ «አጥፉት» ብላ እንደሄደች ግን ለመናገር አፈርኩ፤ በእሷ ማላከክ መሰለኝ። 

«ምን ቀረጽክበት?»

«የራሴን ድምፅ።»

«አንተ? ሰላም ስትለኝ እንኳ ሁለቴ ካልደገምክ ድምፅህ አይሰማም እኮ» አሉ። አልሳቁም። «በል ተነሣ፣ ውሰደኝ።»

በአውቶቡስ ላውዝ ሄድን። ሬይ በሩን ሲከፍት ሚስስ ብላንቻርድ ክንዱን ያዙና፣ «በድዬሃለሁ» አሉት። ሬይ እኔን አየኝ። ከዚያ ቴፑን አጠመደ።

ከበሮው ገባ፣ ቤዙና ጊታሩ ተከተሉ። ሄዘር መኖር የነበረባት ቦታ ባዶ ነው። ከዚያ የእኔ ድምፅ፣ ቀጭንና ፈሪ፣ አንድ ሁለት ቃል ብሎ ይጠፋል። «በሩ ላይ።» እንደገና ባዶ። «እጅህን።» ባዶ። «አልጠየቅኋትም።»

ሚስስ ብላንቻርድ እጃቸውን አነሡ፤ ሬይ አቆመው።

«አልጠየቅኋትም የምትለው እኔን ነው?»

«ይመስለኛል።»

«ምኑን ነው ያልጠየቀችኝ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ዓርብ ሰምቼዋለሁ፣ ቅዳሜም ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ግን ጆሮዬ የሚጠብቀው የስንኙን ጫፍ ነበር።

«አላውቅም» አልኳቸው።

«እስቲ አስብ፣ ልጄ።»

«አላውቅም፣ ሚስስ ብላንቻርድ።» ሬይም እንደማያስታውስ ራሱን ነቀነቀ።

አራት ጊዜ መልሰው ሰሙት። ያ ባዶ ቦታ በመጣ ቁጥር አንገታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው ያሰግጋሉ። ከዚያ የካፖርታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

ትሬቨርን ራሴ ሄጄ ነገርኩት። ደጃፉ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማኝና በሩን ዘጋ። ከበሮውን ለሌላ ቡድን ሰጥቶታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ላምፐርስ በዚሁ አበቃ።

ሚስስ ብላንቻርድ ግን እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ይደውሉልኛል። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስቡት የከረሙትን ይነግሩኛል። «የአባቷን ሰዓት ለምን እንደሸጥኩት ይሆን?» ይሉኛል። ሌላ ጊዜ፣ «ከአያቷ ጋር የተጣላሁበትን ነገር ይሆን?» ይላሉ። እኔ «ሊሆን ይችላል» እላለሁ። 

ባለፈው እሑድ፣ «አባቷ ሌሊት የሞተ ጊዜ» አሉ፤ «ሳልቀሰቅሳት ቀረሁ። ትተኛ ብዬ ነው። አንድም ቀን ለምን ብላኝ አታውቅም።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ግሌን፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግራት ነበር» አሉ።