«ኬኛ» አይበሉ

ዓባይነህ የመንግሥት ዋና ነገረ ፈጅ ከመባሉ በፊት በሰበታ ፍርድ ቤት ለገበሬ የሚከራከር ጠበቃ ነበር። ስሙን ያስጠራው የቡራዩው የኦቦ ደቻሳ ክርክር ነው፤ አንድ ፊታውራሪ የሽማግሌውን ማሳ «ርስቴ ነው» ብሎ ከሷቸው ነበር።

ችሎት ከመግባታቸው በፊት ዓባይነህ ሽማግሌውን ገለል አድርጎ፣ «ዳኛው ሲጠይቁዎት "ኬኛ" አይበሉ» አላቸው።

«ኬኛ ነው እንጂ፣ ልጄ! የእኛ ነው። አባቴ የተቀበረው የት ሆነና?»

«የእኛ ካሉ ሰነድ ይጠየቃሉ፤ ሰነዱ ያለው በፊታውራሪው እጅ ነው። "የመንግሥት ነው" ይበሉ። እርሱ ከመንግሥት ጋር አይጋፋም።»

«መንግሥት ራሱ የመጣ እንደ ሆነስ?»

ዓባይነህ ሳቀ። «መንግሥት የእርስዎን ጤፍ ፍለጋ ቡራዩ ድረስ አይመጣም።»

ደቻሳ ወንጌል መትተው ማሉና እንደ ተማሩት መሰከሩ፤ ፊታውራሪው ተረታ። የጠበቃው ብልሃት ከሹማምንት ጆሮ ደረሰና ዓባይነህ ወደ መንግሥት ሥራ ተጠራ፤ ከሹመት ወደ ሹመትም ወጣ።

ከዓመታት በኋላ ያው ማሳ የመንግሥት ነውና ተብሎ ለአንድ ጄኔራል በስጦታ ተሰጠ። ደቻሳ አልለቅም አሉ። የመንግሥትን ክስ ይዞ የቆመው ዓባይነህ ነበር። ሽማግሌው የቀድሞ ቃላቸውን ቢክዱ ክርክሩን አላልቶ ሊሸነፍላቸው ቆርጦ ነበር፤ ወይም የቆረጠ መስሎት ነበር።

«መሬቱ የማን ነው?» አሉ ዳኛው።

ደቻሳ ዓባይነህን አዩት፤ የችሎቱን አስተርጓሚም ሳይጠብቁ፣ «የመንግሥት ነው» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልለቅም ይላሉ?»

«የምሄድበት የለኝማ! ወንጌል መትቼ ያልሁትን ግን አልክድም። ብክድ ይህን ሰው ውሸታም አደርገዋለሁ።»

ከኋላ ሰዎች ሳቁ።

«ነገረ ፈጁ የሚጨምሩት አለ?»

ሊናገረው የሚገባው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቃሉን ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ» የሚል። ዓባይነህ ተነሣ፤ ካባውን አስተካከለ።

«የለኝም» ብሎ ተቀመጠ።

ተፈረደባቸው። ዓባይነህ ወደ ደጅ ሲወጣ ደቻሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረቡት። አሁን ልጄ አላሉትም።

«ጌታዬ፣ ጤፉ እስኪታጨድ እንኳ ብንቆይ?»

«ማመልከቻ ያስገቡ።»

«ማን ይጽፍልኛል?»

ለነገር አልነበረም የጠየቁት፤ በእውነት ጨንቋቸው ነው። ከዚያ በፊት ጽፎላቸው የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነበር።