ማሽኑ ንጹሕ ነው

ባሌ ሰብስቤ ከናዝሬት ወጣ ብላ ባለች ኮረብታ ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከማሰራጫው ማሽን አጠገብ ተቀምጦ መልእክት ይቀበላል፣ ያስተላልፋል። ኮረብታው ንፋሳም ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ለብ ይላል። ስለዚህ እሱም ጓደኞቹም ማሽኑን ተደግፈው ይውላሉ፤ ምሳቸውንም እዚያው ይበላሉ። ሥራ እንዲህ ከሆነ እኔንም አስቀጥረኝ እያልኩ እቀልድበት ነበር።

ዓመታት አለፉ፤ ልጅ ግን አልመጣም። ጥፋቱ የእኔ ነው ተባለ፤ ታዲያ ማን ሊባል ኖሯል? አማቴ እማማ በላይነሽ ያላስጠመቁኝ ጠበል፣ ያላጠጡኝ ሥር የለም። ወለንጪቲ ድረስ ወስደው ሆዴን አሳሹኝ። በመጨረሻ ሽማግሌ ሰብስበው አፋቷቸው አሉ። ሽማግሌዎቹ ግን ባልየው ራሱ ጉድለቱ የእሷ ነው ብሎ በአንደበቱ ካልተናገረ ትዳር አናፈርስም አሏቸው። ሰብስቤም አልተናገረም። ለዚህ እወደው ነበር፤ አሁንም ጠላሁት ብል ውሸት ነው።

አንድ እሑድ የሥራ ጓደኛው ወዬሳ ቤታችን መጥቶ ሲጫወት፣ ኮረብታው ላይ ከተቀጠሩት ወንዶች ከዚያ ወዲህ የወለደ እንደሌለ ነገረን። ከማሽኑ ይሁን ከሌላ፣ ዋቃ ነው የሚያውቀው አለ። በቀልድ ነበር የጀመረው፤ ሲጨርስ ግን ማንም አልሳቀም።

ሰብስቤን ጎትቼ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ስለ ሬዲዮ ማሽን የሚያውቀው ነገር እንደሌለ፣ ሊሆንም ላይሆንም እንደሚችል ነገረን። መጀመሪያ ወንዱ ይመርመር ብሎ ዘሩን የሚያመጣበት ትንሽ ጠርሙስ ሰጠው። ባሌ ጠርሙሷን ይዞ የት ቢሄድ ጥሩ ነው? ነፍስ አባቱ ዘንድ። አባ ዘርን በከንቱ ማፍሰስ የአውናን ኃጢአት ነው ብለው ከለከሉት፤ ጠርሙሷንም ባዶዋን መለሳት። ብለምነው፣ ባለቅስበት፣ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ።

ምርመራው ከቀረ ቢያንስ ከማሽኑ ራቅ አልኩት። የሥራ ቦታ ዝውውር ጠየቀ። ምክንያቱን ሲጠይቁት ሞኙ ባሌ እውነቱን ተናገረ። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ ገብረወልድ፣ ይህ ሠራተኛውን ከሥራው ለማሸሽ የተነዛ የፀረ አብዮተኞች ወሬ ነው አለ። ያን ጊዜ ይህ ስም የተለጠፈበት ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ሰብስቤ በውይይት ክበብ ቀርቦ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ታዘዘ፤ ቤተሰብም እንዲገኝ ተባለ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። አማቴ ከፊት ተቀምጠዋል፤ እኔ ከሴቶች ማኅበር አባላት ጋር ከኋላ ነኝ። ሰብስቤ ቆሞ ማሽኑ ንጹሕ ነው፣ እኔ ነኝ ተሳስቼ ወሬ ያመንኩት አለ። በዚህ ያበቃ መስሎኝ እፎይ አልኩ።

«ማሽኑ ንጹሕ ከሆነ፣» አለ ጓድ ገብረወልድ፣ «ልጅ ያጣኸው በማን ጉድለት ነው?»

ሰብስቤ ዓይኑን በአዳራሹ ውስጥ አንከራተተ። ሲፈልግ የነበረው እኔን ነው፤ ሲያገኘኝ ግን አቀረቀረ። የእኔ ነው ቢል፣ ታዲያ ምን ነካህ ይሉታል፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እዚያው ማሽኑ ላይ ነው። ይህ ገብቶኛል። መግባቱ ግን ምን ይፈይዳል?

«የባለቤቴ ነው» አለ።

ተጨበጨበ። አጠገቤ የነበረችው የማኅበራችን ሊቀ መንበር ሸዋወርቅ እጆቼን ታያለች። ዋሽቶ ነው ብዬ ብጮህ ባሌን በገዛ አፌ ማሳሰሬ ነው። አጨበጨብኩ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቹ መጡ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የሚጠይቁት ነገር አልቀረም። ማንም አልተቆጣኝም፤ እማማ በላይነሽ እንኳ ለመንገድ ብለው ቆሎ ቋጠሩልኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዓለም ጤና ከተማ፣ እናቴ ቤት የሚወስደኝ አውቶቡስ ሊደርስ ነው።

ሰብስቤ ሻንጣሽን ልሸከምልሽ ብሎ እጀታውን ያዘ። በሩ ድረስም አብሮኝ መጣ።

«ሰብስቤ» አሉት እናቱ ከውስጥ።

እጀታውን ለቀቀው።