ለሐዘን የማይሆን ቀለም

ጋሻዬ ወደ ላሊበላ የወጣው «ጨው አልቋል» ብሎ ነው። ጨው ግን አላለቀም ነበር፤ ሚስቱም ታውቃለች። ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሲዋሽ አያምርበትም። የሄደው መነጽር ሊገዛ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ ወንድሙ ምንይችል ካረፈ በመጪው እሑድ ዓመት ይሞላዋል። ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲህ ባለችው መንደራቸው፣ ተኳሽ ሰው ሲሞት፣ በሙት ዓመቱ ዕለት ወንድሙ በሟቹ ጠመንጃ አንዲት ጥይት ገደል ማዶ ወዳለው ነጭ ድንጋይ ይተኩሳል። ከመታ «ቤቱ ሰው አለው» ይባላል። ከሳተ ማንም ምንም አይለውም፤ ሰው ጠላውን ጠጥቶ ዝም ብሎ ይበተናል። ጋሻዬ ደግሞ ያን ድንጋይ አጥርቶ ካየው ሰንብቷል። ይህን ለማንም አልተናገረም።

መነጽር ሻጩ አባስ መናኸሪያው አጠገብ ጠረጴዛውን ዘርግቷል።

«ለፀሐይ ነው አባባ፣ ለአቧራ?»

«ለማዶ።»

«ማዶ ምን አለ?»

«ድንጋይ አለ። የሚተኮስበት።»

«ለኢላማ ነዋ! እንግዲያው ቀለም እንምረጥ።»

ጥቁሩን አደረገለት። ፀሐይ ለሚወጋው ሰው ደግ ነው፤ ጋሻዬ ላይ ግን ቀኑን አጨለመበት። ቡናማው ይሻላል፤ ሣሩን ከቀይ አፈሩ ለየለት። ቢጫውን ሲያደርግ ግን ከአሸተን ተራራ ላይ ጉሙ የተገፈፈ መሰለው፤ ቋጥኙን ከቋጥኝ ለየ።

«የሚተኩሱት ጠዋት ነው ማታ?» አለ አባስ።

«ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ። ሰኔ ስለሆነ ደመናው አይቀርም።»

«ቢጫው ነው እንግዲህ። ጥቁር በደመና ቀን ያለችዎትንም ብርሃን ይወስድብዎታል።»

«ሐዘን ነው እኮ ልጄ። የወንድሜ ሙት ዓመት ነው። ቢጫ አድርጌ ሰው መሀል ብቆም ሠርግ መስሎታል አይሉኝም?»

«የሐዘናችሁን ደንብ እናንተ ታውቃላችሁ» አለ አባስ። «ዓይንዎን ግን ሐኪም ይየው አባባ። ሞራ ሳይሆን አይቀርም።»

ጋሻዬ የመጨረሻዋን እንዳልሰማ ሆነ። ጥቁሩን ገዝቶ እስከ መታጠፊያው ሄደ። እዚያ ሲደርስ ምንይችል ትዝ አለው። ይሄኔ ቢኖር፣ «ሰው የሚመጣው ድንጋዩን ሊያይ እንጂ አንተን ሊያይ ነው እንዴ?» ብሎ ይስቅበት ነበር። ተመለሰና በቢጫው ለወጠ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ገደሉ አፋፍ ላይ ተሰበሰበ። የምንይችል ሚስት የትናየት ከል እንደለበሰች የባሏን ምንሽር አቀበለችው። ጋሻዬ ቢጫውን መነጽር ሲያደርግ ጉምጉምታ ተነሣ። እሷ ግን ፊቷ አልተለወጠም።

ተንበርክኮ ሰደፉን ከትከሻው አገናኘ። ድንጋዩ እዚያው አለ፤ ነጭ ሆኖ፣ ጠርዙ ሳይቀር ይታያል። ጣቱን ቃታው ላይ አሳረፈ።

ከድንጋዩ በታች ያለው የምንይችል ማሳ ነው። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ የሚያርሰው ጋሻዬ ነው። በቀደምም አርሶ ሲጨርስ የትናየትን «ዳር እስከ ዳር ገልብጬልሻለሁ» ብሏት ነበር፤ እሷም መርቃዋለች። አሁን የሚያየው ሌላ ነው። ትልሙ ተጣሟል። በትልምና በትልም መሀል ማረሻ ያልነካው መሬት በየቦታው ቀርቷል። የቀረው ሁሉ ደግሞ በዶማ ተቆፍሯል፤ ጓሉ እንኳ ገና አልደቀቀም። በዚያ ቤት ከየትናየት በቀር ዶማ የሚያነሳ ሰው የለም።

አፈሙዙን ወደ መሬት አወረደ። ዞሮ እጇን አየ፤ መዳፏ ውኃ ቋጥሮ ፈርጧል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አላት ቀስ ብሎ።

«ከአምናው ዘር ጀምሮ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

የትናየት ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። «ወንድምዎን አጥተዋል አያ ጋሻዬ። ሞፈሩን ደግሞ እኔ ልቀማዎት?»

ጋሻዬ ጥይቷን አውጥቶ ጠመንጃውን መለሰላት። ከዚያም ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ወገኖቼ! ዓይኔ አያይም» አለ። «የወንድሜን ማሳ የሚያርስልኝ ማነው?»

ይህን ብሎ አለቀሰ፤ ምንይችል የተቀበረ ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀሰም ነበር።