በሠርጉ ያልነበረው ጨዋ አጎት

የሚዛን ተቆጣጣሪው በወንድሙ ልጅ የሠርግ ቪዲዮ ውስጥ ራሱን ቢፈልግ አጣ። ከሙሽራዋ አባት ቀኝ፣ እርሱ በተቀመጠበት ወንበር ላይ፣ ዘር ማንዘሩ የማይታወቅ ባለግራጫ ኮት ሰው ተሰይሟል። ነገሩ ቢከነክነው ወደ ቪዲዮ አቀናባሪዋ ክፍል ሄደ፤ የሙሽራዋን አባት፣ ታላቅ ወንድሙንም፣ እዚያው ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ አገኘው።

«ይህ ሰው ማነው?»

«ማንም አይደለም፣ ጋሼ» አለች አቀናባሪዋ። «እርስዎን አጥፊ ተባልኩ፤ አጠፋሁ። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም የሠለጠነው የሰውን ሁሉ ቪዲዮ እያየ ነው። ከሙሽራ አባት አጠገብ ባዶ ወንበር አይቶ ስለማያውቅ ሰው አስቀመጠበት።»

ለምን እንዲጠፋ እንደተፈረደበት አልጠፋውም። ታላቁ በሠርጉ ላይ ባደረገው ንግግር መካከል «ይህችን ልጅ አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቻት አላውቅም» ሲል፣ እርሱ «ኧረ ተው» ብሎ ነበር፤ ድምፁም ማይክሮፎን ገባ። ዕድሜ ልኩን የነጋዴ ሚዛን ሲያቃና የኖረ ሰው የገዛ ወንድሙን ሚዛን አይቶ እንዳላየ ማለፍ አልሆነለትም።

«ወንድም ጋሼ፣ ነገ የሚወለዱት ልጆች የሚያውቁኝ በዚህ ቪዲዮ ነው። እናታቸው አጎት አልነበራትም ይባል?»

«አላት እንጂ። ይኸውልህ፣ ጨዋ አጎት።»

ጨዋስ ጨዋ ነው። ንግግሩ ሲነገር በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል። ታላቁ ሲያስል ይነቀንቃል፤ ማይክሮፎኑ ሲያፏጭ ይነቀንቃል፤ እንግዳው ሁሉ ከተበተነ በኋላም ለባዶው አዳራሽ ይነቀንቃል።

«ይሄማ እንሽላሊት ነው» አለ ታናሽየው።

ታላቁን ከነከነው። «እስቲ ትንሽ የራሱ ሐሳብ ይኑረው» ብሎ አዘዘ። አቀናባሪዋም እንዳላት ለፕሮግራሙ ጻፈችለት። ባለግራጫ ኮቱ ንግግሩን በጸጥታ አዳመጠ፤ «ተቆጥቻት አላውቅም» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ወደ ሙሽራዋ ዘንበል ብሎ በትሕትና ፈገግ አለና ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

ታላቁ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ይሄ ደግሞ ከየት መጥቶ ነው የቤቴን ጉድ የሚያውቀው? አጥፊልኝ።»

«ባጠፋው ሌላ ይተካበታል፣ አባባ። የሚመጣው ደግሞ ምን እንደሚል እኔም አላውቅ።»

ሐሰት ደጋፊ ስታጣ ዘመድ ትፈልጋለች። ታላቁ ታናሹን ከእግር እስከ ራሱ ቃኘው።

«እሱኑ መልሺው» አለ በመጨረሻ። «መዋረዴ ካልቀረ በገዛ ሥጋዬ ልዋረድ።»

የሚዛን ተቆጣጣሪው ሊያመሰግን አፉን ቢከፍት፣ ወንድሙ እጁን አንሥቶ አቋረጠው።

«አንተ ደግሞ አሁን እንዳትናገር።»