ሁለተኛው ጉርሻ

ባሌ ገመቹ ጨጓራ የለውም። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሐኪሞቹ ካንሰሩን ከነጨጓራው አውጥተው ጉሮሮውን ከአንጀቱ ጋር ቀጠሉት። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ፣ ጣፋጭ ነገር ይጠንቀቅ ተባልን። ይበላልም፣ በሩን ዘግቶ። ሰው ፊት ግን አይቀምስም፣ በሽታውንም ከእኔና ከልጃችን በቀር ለማንም አልተናገረም። «ይህን ከሰሙ በቁሜ ድንኳን ይጥሉልኛል» ይላል። እንዲህ ያለ ግትር አዳማ ውስጥ ሁለተኛ የለም።

ባለፈው ቅዳሜ የልጃችን የፍሬዘር አማቾች አቦምሳ ጠሩን። ሽማግሌ ልከን ልጃቸውን ሚልካን ፈቅደውልናል፤ የቀረው ሁለቱ ቤተሰብ ከአንድ ማዕድ መቁረስ ነው። ያን ቀን ያልበላ አማች ጋብቻውን እንደናቀ ይቆጠራል። መንገዱን ሙሉ «እንንገራቸው» ብዬ ለመንኩት። «ልጄን የበሽተኛ ልጅ አታስብዪው» አለኝ፤ አበቃ።

የሚልካ አባት ኦቦ ሰንበታ ጸለዩና ማዕዱ ተከፈተ። ጨጨብሳ ነው፣ በቅቤው ላይ ማር የፈሰሰበት። ክው አልኩ። እናትየው አዴ ደራርቱ እፍኝ ሙሉ አንስተው «በሞቴ» አሉና ባሌን አጎረሱት። ዋጠው።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አሉ፣ ሁለተኛውን እያዘጋጁ።

ገመቹ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው፣ ከንፈሩ ነጣ። ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨመቀኝ፤ አትናገሪ ማለቱ ነው። አንዴ ቤት ውስጥ ማር ቀምሶ ራሱን ስቶብኛል። ሁለተኛውን ከዋጠ እዚያው ይወድቃል። ካልዋጠ ደግሞ የልጄ ትዳር አለ።

የአዴ ደራርቱን እጅ ያዝኩ። «ጨጓራ የለውም» አልኩ። «በካንሰር ምክንያት ቆርጠው አውጥተውታል።»

ገመቹ እንደዚያ በጥላቻ አይቶኝ አያውቅም። ሊነሳ ሲል ጉልበቱ ከዳው፤ ፍሬዘርና ኦቦ ሰንበታ ደግፈው ሶፋው ላይ አስተኙት። ልቡ ሲደልቅ በሸሚዙ ላይ ይታያል።

አዴ ደራርቱ ማር የነካ እጃቸውን ሳይታጠቡ ቆመው ቀሩ። «ይኼ ነገር በዘር ይሄዳል?» አሉ በመጨረሻ። ሚልካ አቀረቀረች። ጋብቻውን በገዛ አፌ አፈረስኩት ብዬ ፈራሁ።

የመለሰው ገመቹ ነው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። ፍሬዘር ይመርመር እንጂ የእኔው በዘር የመጣ አይመስልም ብሎኛል። ካንሰር ነበር። የደበቅኳችሁ ፈርቼ ነው። ልጁ እንደ እኔ ፈሪ አይደለም፤ ንገራቸው ብሎ ስንቴ ለምኖኛል።»

ኦቦ ሰንበታ ሚስታቸውን አዩ። አዴ ደራርቱ ወደ ጓዳ ገቡ፤ እጃቸውን ታጥበው አንዲት ቁራሽ ደረቅ ዳቦ ይዘው ተመለሱ። ሊያጎርሱት ነው ብዬ ስሳቀቅ መዳፉ ላይ አኖሩለት።

«ሲሻልዎት፣ በራስዎ እጅ» አሉ። «ግን ከአማች መደበቅ ነውር ነው። ሁለተኛ እንዳይለምድዎት።»

ገመቹ ቁራሿን እንደያዘ አለቀሰ። ከዚያ ሁላችንም እያየነው ቀስ ብሎ ማላመጥ ጀመረ።