ከላይ ያለው እጅ

ፌንጣ የሚለውን ስም ያወጣለት የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። መሰላል ሲወጣ አንድ አንዱን እርከን እየዘለለ ስለሚረግጥ፣ "ይሄ ሰው ነው ወይስ ፌንጣ?" ብሎ አንድ ቀን ሳቀበትና ስሙ በዚያው ጸና። ያን ጊዜ ፌንጣ ገና አላገባም። የአሳንሰር ጥገና ሊማር የመጣ፣ የካቻቢቴ አያያዝ እንኳ በቅጡ የማያውቅ ጎረምሳ ነበር። ሙያውን ከሀ እስከ ፐ ያስተማረው ይኸው ሰው ነው፤ እህቱንም የዳረለት እሱው። ስለዚህ ፌንጣ እንደ ሚስቱ "ወንድም ጋሼ" ይለዋል። የሥራ ባልደረቦቻቸውም ከእሱ አፍ ለምደው ወንድም ጋሼ ነው የሚሉት።

ሁለቱም ለአንድ የሕንጻ አስተዳደር ድርጅት ይሠሩ ነበር። ድርጅቱ ብዙ ፎቆች አሉት፤ ለቧንቧው ሰው አለው፣ ለመብራቱ ሰው አለው፣ ለአሳንሰሮቹ ደግሞ እነሱ ነበሩ። ቀድሞ ሌሎች የአሳንሰር ሠራተኞችም ነበሩ። የተሻለ የሚከፍል ሲያገኙ ግን ተያይዘው ሄዱ። በዚያ ሰሞን ሥራ አስኪያጁ ፌንጣን ለብቻው ጠርቶ በሩን ዘጋና፣

"አንተም ልትሄድ ነው ይባላል" አለው።

ፌንጣ መሄድን በሕልሙም አላሰበውም። ግን የሚለው ጠፍቶት ዝም አለ፤ ዝምታው ሠራለት። ሥራ አስኪያጁ የደመወዙን እኩሌታ ያህል ጨመረለትና፣ "ይህ ከእኔና ከአንተ እንዳይወጣ። በተለይ አማችህ ጆሮ እንዳይገባ" አለው።

"ለእሱስ አይጨመርለትም?"

"እሳቸው አልጠየቁም።"

እኔስ መች ጠየቅሁ? የሚለው ቃል ፌንጣ ጉሮሮ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ወንድም ጋሼ ሲቀጠር የጉልበት ሠራተኛ ተብሎ ነበር የተመዘገበው። ሞተር ፈትቶ መግጠም ከቻለ በኋላም፣ ሌሎችን ማስተማር ከጀመረ በኋላም፣ ያው የጉልበት ሠራተኛ እንደተባለ ቀረ። ጭማሪ ሲመጣ የሚመጣለት የጉልበት ሠራተኛ ጭማሪ ነው። እሱ ደግሞ እንኳን ደመወዝ፣ ውሃ ሲጠማውም ሰው የማይጠይቅ ነበር።

ፌንጣ ነገሩን ለሚስቱ ብቻ ነገራት። "አደራ" አላት። እሷም አደራውን ወራት ጠበቀች።

አንድ እሑድ ግን ወንድም ጋሼ ቤት ምሳ ተጋብዘው ሳለ፣ የወንድም ጋሼ ሚስት ትልቋን ልጃቸውን ከትምህርት ቤቷ ልናወጣት ነው፣ ክፍያው ከአቅማችን በላይ ሆነ ብላ አዘነች። የፌንጣ ሚስት የወንድሟን ልጅ እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታያት። ሳታስበው፣

"እኛ እያለን? እኛ እንከፍልላታለን! ለእሱ ከጨመሩለት ወዲህ እኮ..." አለችና ከንፈሯን ነከሰች።

ወንድም ጋሼ ለእንግዶቹ ውሃ እየቀዳ ነበር። "ጨመሩልህ እንዴ?" አለ ቀና ሳይል።

"ትንሽ... አዎ።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"እነዚያ ልጆች ከሄዱ ወዲህ" አለ ፌንጣ።

ብርጭቆው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ መፍሰስ ጀመረ። ሁሉም ያዩታል። ወንድም ጋሼ ጆጉን ቀስ ብሎ አስቀመጠና፣ "እሰይ" አለ። "እሰይ፤ ደግ አደረጉ።" ከዚያ በኋላ እስኪለያዩ ድረስ አንድም ቃል አልወጣውም። ቢቆጣ፣ ቢሳደብ፣ ከቤቴ ውጣ ቢለው ለፌንጣ በቀለለው ነበር። ያቺ "እሰይ" ግን እንደ እሾህ ጎኑን ስትወጋው አደረች።

በማግስቱ ጠዋት አንድ አሮጌ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ ቧንቧ ፈንድቶ የአሳንሰሩን ጉድጓድ ውሃ ሞልቶታል ተብለው ተላኩ። ሥራው የሁለት ሰው ነው። አንዱ ከጣሪያው ሥር ካለው የሞተር ክፍል ሆኖ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ ፍሬኑን ያድሳል። ሌላው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ውሃው ያበላሸውን ይለውጣል። ወንድም ጋሼ ጉልበቱን ስለሚያመው ሁልጊዜ የሚወርደው ፌንጣ ነበር።

"ምን ሆነሃል?" አለችው ሚስቱ፣ የጫማውን ክር ለማሰር ሲታገል አይታ።

ወንድምሽን ፈርቼ ነው ይበላት? ይህን ካፉ ካወጣው በኋላ ወደ ውስጥ መመለሻ የለውም። "እንቅልፍ አጥቼ ነው" አላት።

ፎቁ ሥር ሲደርስ ወንድም ጋሼ ቀድሞት ቆሟል። ሌላ ጊዜ፣ "ፌንጣ፣ ዛሬ ደግሞ እንቁራሪት ልትሆንልኝ ነው!" ብሎ ይሳለቅበት ነበር። ዛሬ የዕቃ ሳጥኑን አንሥቶ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ወንድም ጋሼ" አለ ፌንጣ ከኋላው። "ስለ ትናንቱ..."

"ሥራ ላይ ነን" አለ ወንድም ጋሼ ዞር ሳይል።

ወንድም ጋሼ ራሱ ያስተማረው አንድ ሕግ አለ፦ ከታች ያለው ሰው "ወጥቻለሁ" ሳይል፣ ከላይ ያለው ሰው ቁልፍ አይነካም። ሁለት ድምፅ መቀባበያ ሬዲዮ ነበራቸው። ፌንጣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነና፣ "ጠፍቷል?" ሲል ጠየቀ።

"ጠፍቷል።"

"ልውረድ?"

ሬዲዮው ጥቂት ጊዜ ሻ... አለ። "ውረድ።"

በብረት መሰላሉ ወረደ። በዚህ ጊዜ እርከን አልዘለለም፤ እያንዳንዱን እየዳበሰ ረገጠ። ውሃው እነሱ ሳይደርሱ በፓምፕ ተመጥጦ አልቋል፣ ግን ጭቃና ዘይት ተቀላቅሎ ቁርጭምጭሚቱን ዋጠው። ቀና ሲል የአሳንሰሩ ሆድ ከበላዩ ተንጠልጥሏል፤ ጥቁር፣ ሰፊ፣ በአቧራና በዘይት የተለበጠ። ስንት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሆድ ሥር እያፏጨ ሠርቷል። ዛሬ ግን ከሆዱ ሥር የተንጠለጠሉትን የብረት ገመዶች ቆጠራቸው። ከዚያ ደግሞ ቆጠራቸው።

አሳንሰሩ ከልክ በላይ ቢወርድ ከሥር የሚቀበሉት ወፋፍራም ሞላዎች ዝገዋል፤ አንዱን ፈትቶ አወጣው። ጉድጓዱ ውስጥ ሆነው አሳንሰሩን የሚያቆሙበት ቀይ ቁልፍም በውሃው ተበላሽቷል፤ ቢጫኑት አይሰማም። ሊለውጠው የመጣው እሱን ነው። ስለዚህ እስኪለውጠው ድረስ ሕይወቱ ያለው ከላይ ባለው ሰው እጅ ነው። ይህን ሁልጊዜም ያውቀው ነበር፤ አስቦበት ግን አያውቅም።

ወንድም ጋሼ እንዲህ ያለ ሰው አይደለም፣ አለ ለራሱ። ያስተማረኝ፣ እህቱን የሰጠኝ ሰው ነው። ይህን ሲያስብ ሌላ ሐሳብ ከኋላ እየተጎተተ ይመጣል፦ ያስተማረኝና እህቱን የሰጠኝ ሰው መሆኑ አይደል የሚያንገበግበው? ሰው ከባዕድ ይልቅ በገዛ ዘመዱ አይደል የሚቆስል?

"ወንድም ጋሼ" አለ በሬዲዮው፣ ድምፁን ለመስማት ብቻ። መልስ የለም። "ወንድም ጋሼ!" ጉድጓዱ ጥልቅ ስለሆነ አንዳንዴ ድምፅ አያሳልፍም። አንዳንዴ ነው እንጂ፣ ሁልጊዜ አይደለም።

ያን ጊዜ ከላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማ።

ኤሌክትሪኩ ሲበራ የሚሰማውን ድምፅ ፌንጣ እንደ እናቱ ድምፅ ያውቀዋል። ቀጥሎ ፍሬኑ ለቀቀ። ገመዶቹ ተንቀጠቀጡ፤ አቧራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። የአሳንሰሩ ሆድ መውረድ ጀመረ።

የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው። ለሙከራ የሚነዳ አሳንሰር እንደዚያ ነው። የባሰውም ይህ ነው፤ ሁሉን ለማየት ጊዜ አለው። መሰላሉ ከወዲያ ግድግዳ ላይ ነው። ተስፈንጥሮ ቢይዘው፣ ወጥቶ በበሩ ቢያመልጥ... ነገር ግን እግሩ ከዳው። ሬዲዮውን ተጫነና ጮኸ፤ ምን ብሎ እንደጮኸ ኋላም አላስታወሰውም። ቀዩን ቁልፍ እንደማይሰማ እያወቀ ደጋግሞ ደበደበው። አሳንሰሩ የበሩን ብርሃን ከላይ ወደ ታች እየበላ መጣ፤ በመጨረሻ እንደ ክር የቀጠነች ብርሃን ቀረች፤ እሷም ጠፋች።

ፌንጣ ጭቃው ውስጥ ተጋደመ። ፊቱን ወደ ጎን አዞረ። ዘይታም ውሃ አፉ ውስጥ ገባ። ሚስቱን ለማሰብ ሞከረ፣ አልመጣችለትም። የመጣለት ወንድም ጋሼ ብቻ ነበር፤ ቀና ሳይል ውሃ የሚቀዳው ወንድም ጋሼ።

ከዚያ ሁሉ ነገር ቆመ።

ጨለማ ውስጥ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ክንዱ ሳይቃና ብረቱን ነካ። እጁን እንዳቃጠለው ሁሉ መልሶ ሰበሰበው። ከላይ፣ በጣም ከሩቅ፣ አንድ ሰው ስሙን ይጠራል። ፌንጣን ሳይሆን እናቱ ያወጣችለትን ስም።

አሳንሰሩ ተመልሶ ወደ ላይ ሲሄድ ፌንጣ አልተነሣም። ወንድም ጋሼ ያንን ሁሉ ደረጃ በዚያ በታመመ ጉልበቱ ሮጦ ወርዶ፣ በመሰላሉ ገብቶ፣ ብብቱን ይዞ አወጣው። ሁለቱም ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። የወንድም ጋሼ ፊት አመድ መስሏል።

"ረሳሁህ" አለ።

ፌንጣ አላመነም። "እንዴት ትረሳኛለህ?"

"ፍሬኑን ጨረስኩ። ልሞክረው ብዬ አበራሁ። እጄ የለመደውን ሠራ... ረሳሁህ። ጩኸትህን ስሰማ ነው ያቆምኩት።"

"ሌላ ቀን ረስተኸኝ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው ማልልኝ። ረስቼህ ነው ብለህ ማልልኝ።"

ወንድም ጋሼ መዳፎቹን ገልብጦ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አያቸው። "ሌሊቱን ሙሉ አንተን ሳስብ ነው ያደርኩት" አለ በመጨረሻ። "በደግ አይደለም ያሰብኩህ። ጠዋት ረሳሁህ። ረስቼህ ይመስለኛል። የማላውቀውን ግን እንዴት ልማል?"

ፌንጣ ከጉድጓዱ ይልቅ ይህ አስፈራው። ተነሥቶ መሄድ ፈለገ፤ ግን አልሄደም። ከጎኑ የተቀመጠው ሰውም እንደ እሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዱ የሌላውን መንቀጥቀጥ በትከሻው ይሰማዋል።

"ቢሮ እንሂድ" አለ ፌንጣ።

"ልትከሰኝ?"

"ተነሥ ወንድም ጋሼ።"

ፌንጣ ጭቃው ከልብሱ እየተንጠባጠበ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ ምንጣፍ ላይ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ምንጣፉን፣ ቀጥሎ ሰዎቹን አየ። ፌንጣ ንግግር አያውቅም፤ ሥራውን ቢያጣ ሚስቱን ምን እንደሚላትም ያስብ ነበር።

"የጨመሩልኝን ነግሬዋለሁ" አለ።

"አትናገር አላልኩህም?"

"ብለውኛል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ያስተማረኝ ሰው ከእኔ ያነሰ እየተከፈለው ከላይ ቆሞ፣ እኔ ከታች አልገባም። ማንም ከታች አይግባ።"

"ታስፈራራኛለህ እንዴ?"

"ኧረ እኔ ነኝ የፈራሁት" አለ ፌንጣ።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ወንድም ጋሼ ዞሮ፣ "እርስዎ እኮ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀው አያውቁም" አለ።

"አላውቅም" አለ ወንድም ጋሼ። "አሁን ጠየቅሁ።"

ሥራ አስኪያጁ እናስብበታለን ብሎ አሰናበታቸው። ሲያስብበት የቆየባቸው ሳምንታት ለፌንጣ የጭንቅ ነበሩ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ተባረሃል የሚሉት ይመስለዋል። ድርጅቱ በእነሱ ምትክ ሰው ፈለገ፤ በሚከፍለው ዋጋ ግን የሚመጣ ባለሙያ አላገኘም። አሳንሰር የቆመባቸው ተከራዮች ሲጮኹ ጊዜ ወንድም ጋሼ ተጠርቶ በባለሙያነት ተመዘገበ፤ ደመወዙም ከፌንጣ እኩል ሆነ።

ፍርሃቱ ግን ከደመወዙ ጋር አብሮ አልተስተካከለም። ወንድም ጋሼ ራሱ ሥራ አስኪያጁን ለምኖ፣ ለየራሳቸው አንድ አንድ የመብራት ሠራተኛ ረዳት ተሰጥቷቸው፣ ወደ ድርጅቱ ሌሎች ፎቆች ተዛወረ። "አንተን ፈርቼ አይደለም" አለው ፌንጣን። "እጄን ፈርቼው ነው።" ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው አጭር ሆነ። አንዱም የሌላውን ደጅ ሳይረግጥ ሰነበተ።

ሚስቱ ነገሩ አልዋጥ ሲላት አንድ ከሰዓት በኋላ በር ዘግታ ያዘችው። ነገራት። ጉድጓዱን፣ ጨለማውን፣ እምቢ የተባለውን መሐላ፣ ሁሉንም። ሰምታ ስትጨርስ ፊቷ ደም አልነበረውም።

"እኔ ነኝ" አለች። "ምላሴን ባልሰበስብ ነው። እኔ ባልናገር ኖሮ..."

"አንቺ ባትናገሪ ኖሮ እሱ የጉልበት ሠራተኛ እንደተባለ ጡረታ ይወጣ ነበር። እኔም ዝም እንዳልኩ።"

ብዙ አለቀሰች። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ወንድሟ ጋ ደወለች። "ወንድም ጋሼ" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣላትም። ፌንጣ ከአጠገቧ ሆኖ የሰውየውን ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

"ነገረሽ?" አለ ወንድም ጋሼ።

"ነገረኝ።"

"ልምጣ? ወይስ ይቅር?"

ሚስቱ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ፌንጣን አየችው።

"ይምጣ በይው" አለ፤ ድምፁ ግን እንዳሰበው ጠንክሮ አልወጣለትም።