ከምሳ በኋላ ይተኛል

የሥራ ጓደኞቹ «ቀጠሮ» ይሉታል። በአሥራ ሁለት ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶብስ ሹፌርነቱ አንድም ቀን የመነሻ ሰዓቱን አሳልፎ ስለማያውቅ የወጣለት ስም ነው። ተሳፋሪ «እባክህ ወንድሜ፣ እየመጡ ነው» ብሎ ቢለምነው፣ ዶፍ ቢወርድ፣ ሰዓቱ ከሞላ ሞተሩን አስነሥቶ ውልቅ ነው። ለመንገደኛ እንዲህ ሰዓት የሚያከብር ሰው ለቤቱ ግን ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርስ ነበር። የሴቷ ልጁ የመጀመሪያ ጥርስ ሲበቅል ሌላ ከተማ ነበር፤ ወንዱ ሲወለድም የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው። ሚስቱ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቀጥላ ለመነችው፣ በኋላ ዝም አለች። እሱም ዝምታዋን ሰላም መስሎት ደስ ብሎት ከረመ። አንድ ቀን ሻንጣውን እንደያዘ በሩ ላይ ጠብቃ፣ «እንግዳ መቀበል ሰልችቶኛል» አለችው። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ይኼ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። እሷ መስታወት ቆርጦ የሚገጥም ሰው አግብታ ልጆቹን ይዛ ትኖራለች። ለእሱ የደረሰው በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሲባል ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ልጆቹን ወደ ተከራየባት ክፍል ሲወስዳቸው ያ ሁሉ ሰዓት አላልቅ እያለ ያስጨንቀው ነበር። ክፍሏ ያላት አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ ቴሌቪዥን ነው። አነጋገሯ የትልቅ ሰው ስለሆነ «እሜቴ» የሚላት የሰባት ዓመት ልጁ አልጋው ጫፍ ላይ እግሯን አጣምራ ትቀመጥና፣ «እሺ፣ አሁንስ ምን እናደርጋለን?» ትለዋለች። የሦስት ዓመቱ «ድንቡሼ» ደግሞ ጫማዬን አላወልቅም ብሎ፣ ሊሄድ እንደተነሣ እንግዳ በሩ አጠገብ ይቆማል።

ስለዚህ ከከተማው ዳር አዲስ የልጆች መዝናኛ ፓርክ መከፈቱን ሲሰማ ለጨነቀው ነገር መላ ያገኘ መሰለው። አንድ ተራ ጉዞ ላይ ሳለ፣ ተሳፋሪዎቹ ምሳ እስኪበሉ፣ የጨዋታዎቹን ዝርዝር ከስልኩ እያየ ወረቀት ላይ ዕቅድ አወጣ። ሦስት ሰዓት ከሩብ የሚዞሩት ፈረሶች፣ አራት ሰዓት የሚጋጩት መኪኖች፣ አምስት ሰዓት ሸርተቴው፤ እያለ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አሥራ አራት ጨዋታ ደረደረ። በአሥራ አራቱ መካከል መቀመጥ የሚባል ነገር አልነበረም። የወር ናፍቆት በአንድ ቀን የሚከፈል መስሎታል።

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን እዚያው ፓርኩ በራፍ ላይ ተረከበ፤ በሩ ሲከፈት ከሰልፉ ፊት የነበሩት እነሱ ናቸው። እውነትም መጀመሪያው ያማረ ነበር። ድንቡሼ ፈረሱ ላይ ሆኖ በዞረ ቁጥር አባቱን ሲያይ፣ ልክ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳገኘው ሁሉ «አባዬ!» እያለ ይጮሃል። እሜቴ የምትጋጨዋን መኪና መሪ እንደ ባለሙያ ይዛ፣ «እዩኝ፣ እኔም ሹፌር ነኝ!» አለች። ቀጠሮ እጁን አውለበለበላት። ከዚያ ሰዓቱን አየና፣ «ቶሎ፣ ቶሎ! ሸርተቴው እንዳያመልጠን!» አላቸው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ድንቡሼ ዓይኑን ያሽ ጀመር። ስድስት ሰዓት ላይ ዳቦና እንቁላላቸውን ቆመው፣ ሰልፍ ላይ በሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ልጁ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «እዘለኝ» አለ፤ አባቱም አንገቱ ላይ አድርጎት ገሠገሠ።

«አባዬ፣ አሁንኮ የሚተኛበት ሰዓት ነው» አለችው እሜቴ፣ ከኋላው በሶምሶማ እየተከተለች።

«ዛሬ መተኛት የለም፤ ዛሬ ጨዋታ ብቻ! ተኝቶማ ሁልጊዜ ይተኛል።»

«እኔስ እግሬን ቢያመኝ?»

«ትልቁ መንኮራኩር ላይ ስትወጪ ይለቅሻል።»

ወንበሮቹን አንጠልጥሎ ወደ ሰማይ ከሚዞረው ትልቁ መንኮራኩር ጋ ሲደርሱ ሰልፉ እንደ እባብ ተጠምጥሟል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሙ። ተራቸው ሊደርስ አምስት ሰው ሲቀር ድንቡሼ ድንገት መሬት ላይ ዝርግት አለ። አባቱ በብብቱ ይዞ ሊያነሣው ሲል ልጁ እንደ ዓሣ ተንፈራገጠ፤ ሱሪውም ረጥቦ ነበር። ከኋላ ያለ አንድ ሰው «ወይ እለፉ ወይ አሳልፉን» አለ። ቀጠሮ ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ የገባው ንጋት ላይ ነው፤ ራሱም በድካም ዓይኑ ቀልቷል። እስከ አውቶብሱ የመጨረሻ ወንበር ድረስ በሚሰማው የሹፌር ድምፁ፣ «ተነሥ አልኩህ!» ብሎ ጮኸበት።

ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ልጁ ሆዱ እስኪገለበጥ እያለቀሰ፣ «ጋሼ ይምጣ! ጋሼ ይምጣልኝ!» አለ።

ጋሼ ማለት መስታወት ቆራጩ ነው። ቤት ውስጥ ልጆቹ እንዲህ ብለው እንደሚጠሩት ቀጠሮ ያውቃል። በዚህ ዓይነት ለቅሶ መሐል ሲጠራ ግን ሰምቶ አያውቅም።

እሜቴ ሄዳ በሁለቱ መሐል ቆመች። «አትቆጣው። ጥፋቱ አይደለም፤ ደክሞት ነው» አለች።

ቀጠሮ ልጁን አንሥቶ ከሰልፉ ወጣ። የት እንደሚሄድ አላወቀም። ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ መጋረጃ የተጋረደበት ረጅም ክፍል አለ፤ በራፉ ላይ «የሕፃናት ማረፊያ» ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ አልፎታል። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሰማያዊ ሽርጥ ያደረጉ ሴት በሩ ላይ ተቀምጠው ፎጣ ያጥፋሉ።

«ግባ፣ ግባ ልጄ፤ ድምፁን ከሩቅ ሰምቼዋለሁ» አሉት። ልጁን አጥበው፣ ከመደርደሪያ ንጹሕ ሱሪ አምጥተው አለበሱት። ለእሜቴም ውሃ ሰጧት። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው፣ «ስንት ሰዓት ገባችሁ?»

«በሩ ሲከፈት፣ እትዬ።»

«ቁጭ ብላችኋል?»

«ምሳም ቆመን ነው የበላነው።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ሹፌር ነኝ። የረጅም መንገድ።»

«ሳታርፍ ነው የምትነዳው?»

«ኧረ በጭራሽ! አራት ሰዓት ከተነዳ ግማሽ ሰዓት መቆም ግዴታ ነው።»

«ታዲያ የነዚህ ሞተር የብረት ሆኖ ነው?» አሉና ፍራሽ አነጠፉላቸው።

ድንቡሼ ግን በዋዛ የሚተኛ አልሆነም። አባቱ ጀርባውን መታ መታ ቢያደርገው ገፋው። እሹሩሩ ሊለው ሞክሮ ቃሉ ጠፋበት። እሜቴ ትንሽ አይታው ታገሠችና፣ «እንደሱ አይደለም» አለች። «ካልሲውን አውልቅና ውስጥ እግሩን እሸው። በአውራ ጣትህ፣ ቀስ ብለህ። ጋሼ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እማዬ እንኳን አትችልበትም።»

ቀጠሮ የልጁን ካልሲ አወለቀ። እግሩ እንደ ትኩስ ዳቦ ለስላሳና ሙቅ ነበር። መሪ ባደነደነው አውራ ጣቱ፣ እንዳያቆስለው እየፈራ፣ ቀስ እያለ ያሸው ገባ። ልጁ አንድ ጊዜ ዓይኑን ገልጦ እግሩን የያዘው ማን እንደሆነ አየ። እግሩን አልሰበሰበም። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና በዚያው ጭልጥ አለ።

«እኔ አልተኛም፤ ትልቅ ነኝ» አለች እሜቴ። ይህን ብላ ከወንድሟ ጎን ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከውጭ የልጆች ሳቅና የጨዋታዎቹ ሙዚቃ በመጋረጃው አልፎ ይመጣል። ሌሎች ወላጆች ሁለት ሁለት ሆነው ግድግዳ ተደግፈው ይንሾካሾካሉ፤ አንዱ ሚስቱ ትከሻ ላይ ራሱን ጥሎ ያንቀላፋል። ቀጠሮ ልጆቹን አየ። በድንቡሼ ጉልበት ላይ የዳነ ጠባሳ አለ፤ መቼ እንደወደቀ አያውቅም። የእሜቴ ጆሮ ተበስቷል፤ ትንሽ ክር መሳይ ጌጥ አለበት፤ ማን ይዟት ሄዶ እንዳስበሳት፣ አልቅሳ እንደሆነም አያውቅም። በመንገዱ ላይ ያለውን ድልድይና ጉድጓድ ሁሉ በቃሉ የያዘ ሰው፣ ከገዛ ልጆቹ ገላ ላይ የማያውቀው ነገር በዛበት። ሲነቁ እጠይቃለሁ ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ።

ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ያየው ጫማ ነው። የሦስቱም ጫማ በሩ ጋ በሥርዓት ተደርድሯል። እሜቴ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ድንቡሼ ጭኗ ላይ ሆኖ ሙዝ ይበላል። ቀጠሮ ክንዱን አየ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።

«ምነው አልቀሰቀስሽኝም?» ድምፁ ለልቅሶ የቀረበ ነበር።

«ደክሞህ ነበራ! እትዬ ሊቀሰቅሱህ ሲሉ እንቢ አልኳቸው። ስታንኮራፋ ድንቡሼ በሳቅ ሊሞት ነው። አፉን ይዤ ነው ያስቆምኩት።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «እማዬ ‹አባታችሁ ቤት ሲመጣ ተኝቶ ነው የሚውለው› ትል ነበር። እኔ አላስታውስም። ዛሬ አየሁ።»

ይህ ወቀሳ ይሁን ስጦታ መለየት አቃተው። ዕቅዱን ከኪሱ አውጥቶ አየው፤ ስምንት ጨዋታ ቀርቷል። «የትኛውን እንሂድ? አንድ ብቻ ምረጡ» አላቸው።

ድንቡሼ ትንሿን ባቡር መረጠ። ባቡሯ ከሰው እርምጃ አትፈጥንም፤ ዛፎቹን አንዴ ዞራ ትመለሳለች። ሦስቱም ተጨናንቀው አንድ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጁ መንገዱን ሙሉ የአባቱን አውራ ጣት ይዞ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ጋ የጠበቃቸው መስታወት ቆራጩ ነው። እናትየው ነርስ ናት፤ ያን ቀን ተረኛ ነበረች። ሰውየው አጭር፣ ዝምተኛ፣ ሁለት ጣቱን በፕላስተር የጠቀለለ ነው። ሁለቱ ሰዎች እስከዚያ ቀን ከሰላምታ አልፈው አያውቁም፤ በእድሜ እኩያ ሆነው ሳለ «እርስዎ» ይባባላሉ፤ አንቱታውን እንደ አጥር መሐላቸው አቁመውታል።

ድንቡሼ ሮጦ ሰውየው እግር ላይ ተጠመጠመ። ቀጠሮ ይህን አየ። ቻለው። ልጆቹ መኪና ውስጥ ሲገቡ፣ «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ።

«ይጠይቁ።»

«ትንሹ… እንቅልፉ እንዴት ነው?»

መስታወት ቆራጩ እንደ መደንገጥ አለ። ክስ ሲጠብቅ የነበረ ፊቱ ተፈታ። «ከምሳ በኋላ ይተኛል። ሰባት ሰዓት ካለፈ በእልህ ነው የሚቆመው፤ አይመኑት። ከመተኛቱ በፊት ሽንት ቤት መውሰድ ነው። ትልቋ አልደከመኝም ትላለች፤ እግሬን አመመኝ ካለች ግን ደክሟታል ማለት ነው።» ቆይቶ ደግሞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እግሩን እንዴት እንደማሸው ነገረችዎት?»

«ነገረችኝ። ተኛልኝ።»

«ተኛልዎት?» ሰውየው ፈገግ ሊል አለና ፈገግታው መሐል ላይ ቆመ። የራሱ ብቻ የነበረ አንድ ነገር ከእጁ እንደወጣ ቀጠሮ ገባው። በእሱም ልብ ላይ ይኼው ስሜት ለሁለት ዓመት ተቀምጧል። ሌላ የሚባል ነገር ስላጡ ተጨባበጡ።

ማታ ክፍሉ ገብቶ የልጁን እግር የነካ እጁን ሳይታጠብ ብዙ ቆየ። ሊደውልለት የሚችል ሰው አሰበ። ለሹፌሮቹ እንዲህ ያለ ወሬ አይወራም። እናቱ ሞታለች። ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ድምፁን ሳይሰጠው ተኛ።

በሚቀጥለው ወር ወደዚያው ፓርክ ወሰዳቸው። ከምሳ በፊት ሁለት ጨዋታ ብቻ ተጫወቱ፤ ሁለተኛውን እሜቴ «ይበቃናል» ብላ ሳይጨርሱት አስወረደቻቸው። ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ቀስ ብለው በሉ። ስለ ጆሮዋ ጠየቃት፤ «አላለቀስኩም። ትንሽ ብቻ ነው ያለቀስኩት» አለችው። የጉልበቱን ጠባሳ ድንቡሼ ራሱ፣ ደረጃ ላይ እንዴት እንደተንከባለለ በተግባር እየወደቀ አሳየው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ማረፊያው ገቡ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁለቱም ተኙ። በዚህኛው ቀን ቀጠሮ ሌሊቱን እንቅልፉን ጠግቦ ስለነበር ዓይኑን አልከደነም። እጁን ከልጁ እግር ላይ ሳያነሣ ተቀመጠ። ቆርቆሮው ላይ ካፊያ ጣል ጣል ማድረግ ጀመረ፤ ውጭ ያሉት ልጆች እየተንጫጩ ሲሮጡ ይሰማል። ለአንድ ሰው መናገር ፈለገ። ዞር ብሎ ቢያይ ከሴትዮዋ በቀር ማንም የለም።

«ተኙልኝ፣ እትዬ» አላቸው በሹክሹክታ።

«አየሁ ልጄ» አሉት፣ ፎጣቸውን እያጠፉ። «አየሁ።»